ሽቅብ የፈሰሰ ደም

የመሥሪያ ቤታችን ደንብ፣ ለተማሪዎች ምሳ ስጋ የሚያቀርብ ድርጅት ለቁጥጥር ከመሄዳችን አንድ ቀን አስቀድሞ ይነገረው ይላል። ምክንያቱ «መልካም የሥራ ግንኙነት» ነው። ሌባን ከመያዝህ በፊት ደውለህ ይመችህ እንደሆነ ጠይቀው እንደ ማለት ነው። ይህንኑ ስብሰባ ላይ ብናገር አለቃዬ «ዶክተር፣ ነገር አታምርሪ» ብሎኝ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

ደንብ ነውና ደወልኩ። በማግስቱ ጠዋት ጋዎኔን ለብሼ፣ ቢላዬንና አረንጓዴ ቀለም የሞላ ጀሪካን ይዤ ሄድኩ። ቀለሙ ለምግብ የማይሆን ስጋ ላይ የሚፈስ ነው። አንዴ ከነካው ማንም ነጋዴ አጥቦ አይሸጠውም፤ ማንም ሹም በስልክ ትእዛዝ አያነጻውም።

በር ላይ የተቀበለኝ የማቀዝቀዣ መጋዘኑ ኃላፊ፣ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። ዝምድናችንን ለአለቃዬ አስቀድሜ ነግሬው ነበር፤ «ሌላ የእንስሳት ሐኪም ከየት ላምጣልሽ?» አለኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ደህና አደርክ?»

«ደህና። ጀሪካኑን መኪናሽ ውስጥ ተይው።»

«ለምን?»

«ባለቤቱ ቀለም ሲያይ ደሙ ይፈላል።»

«የእሱ ደም ይፍላ። እኔ የመጣሁት ለስጋው ነው።»

«ይሄን ምላስ ያወረሰችሽ አክስታችን ናት» አለ በሩን እየከፈተ። «ባሏ መልስ ሲፈልግላት ነው የሞተው።»

ባለቤቱ ውስጥ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሠራተኞቹ ከኋላው «ማር ምላስ» ይሉታል። መጋዘኑ ሙሽራ የምትገባበት ቤት መስሏል፤ ወለሉ ታጥቧል፣ ግድግዳው ተወልውሏል፣ ካርቶኖቹ አዳዲስ መለያቸውን ወደ ላይ አድርገው በመስመር ተደርድረዋል። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል።

«ባለፈው ሳምንት መብራት ሲጠፋ እንኳ ጄነሬተሬ ቀንና ሌሊት ሠርቷል» አለኝ። «ይህ ክፍል ሞቆ አያውቅም፣ ዶክተር። ይመልከቱት።»

ከመካከል አንድ ካርቶን ስቤ ማሰሪያውን ቆረጥኩ፤ የውስጡን ላስቲክ ቀደድኩ። ከስጋው በላይ እንደ መስታወት የለሰለሰ ቀይ በረዶ ተጋግሯል። ሌላ ከፈትኩ፤ ያው ነው። ከጥግ አወጣሁ፤ ያው።

የቀዘቀዘ ስጋ ሲቀልጥ ደም ያዘለ ውሃ ይለቃል። ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፤ ዳግም ሲቀዘቅዝ ከሥር ይጋገራል። የእነዚህ በረዶ ግን ከላይ ነበር።

«ጌታዬ፣ ደም ሽቅብ መፍሰስ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኩት።

ወንድሜ ጫማውን ያያል። ያን ጊዜ ገባኝ። መብራት በጠፋበት ጊዜ ስጋው ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል። ትናንት ስደውልላቸው መጋዘኑን ማሳመር ጀመሩ፤ ከጣሪያው የተንጠባጠበው ውሃ የካርቶኖቹን አናት ስላበላሸው ገለበጧቸውና መለያውን ንጹሑ ግርጌ ላይ ለጠፉት። ያ የሥራ ግንኙነት የተባለው ነገር ባይኖር ማንም አይገለብጣቸውም ነበር።

ማር ምላስ ቶሎ ዞረ። «እሺ፣ ትንሽ ቀልጦ ይሆናል። ይበስል የለም እንዴ? እሳት የማይገድለው ምን አለ? ሰኞ ስጋው ካልደረሰ ሕፃናቱ ምን ይብሉ? በእጅዎ ያለው የድሃ ልጆች ምሳ ነው።»

በላተኛው የድሃ ልጅ ሲሆን ምርጫው ሁልጊዜ በረሃብና በበሽታ መካከል ነው። የእሱ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከእሱ ስጋ እንደማይገዛ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«እሳት ጀርሙን ይገድላል፤ ጀርሙ ትቶት የሚሄደውን መርዝ ሁሉ ግን አያጠፋም» አልኩት። «ሰኞ እንቁላል ይቀቀልላቸው።»

ወደ አለቃዬ ደውሎ ስልኩን አቀበለኝ።

«ምንም እንዳታደርጊ» አለኝ አለቃዬ። «እሸጊውና ናሙና ላቦራቶሪ እንልካለን።»

«ዓምናም አሽገን ነበር። ውጤቱ ሳይመጣ እሽጉ ተፈትቶ ስጋው ተበላ። ሕጉ ውሳኔውን የሰጠው ቦታው ላይ ላለ ሐኪም ነው።»

«መጣሁ። እስክደርስ እጅሽን ሰብስቢ።»

ማር ምላስ ስልኩን ኪሱ ከተተና በጣቱ ወንድሜን አሳየኝ። «ለነገሩ ጥፋቱ የእሱ ነው። በሩን ክፍት ትቶ ሄዶ ነው የቀለጠው። ቀለሙን ካፈሰሱ በሕግ ይጠየቃል። ወንድምዎን ወህኒ ሊያስገቡት ነው?»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉት ይህን ነው። ወንድሜ ቀና አለ።

«በሩን?» አለ። «ጄነሬተሩ ናፍጣ የለውም ብዬ ስለምንህ የዋልኩት ሰውዬ፣ በሩን ነው የከፈትኩት?»

እስከ ዛሬ «እርስዎ» ሲለው የኖረውን ሰው «አንተ» አለው።

«ነገ እዚህ የለህም» አለ ማር ምላስ።

«ዛሬም የለሁም።»

ወንድሜ ቢላዬን ከእጄ ወስዶ የሚቀጥለውን ማሰሪያ በጠሰ። እኔ የጀሪካኑን ክዳን ይዤ ቆምኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ቤትህስ? ልጅህስ?»

«ልጄ እዚያው ትምህርት ቤት አይደል የምትበላው?» አለ ቀና ሳይል። «ትናንት ካርቶን ስገለብጥ፣ ሰኞ ምሳሽን እቤት መጥተሽ ብዪ ልላት አስቤ ነበር። የሌላው ልጅስ እንዳትዪኝ። ራሴን ጠይቄዋለሁ። አፍስሺ፣ አለቃሽ ሳይደርስ።»

አፈሰስኩ። እሱ ይቆርጣል፣ ይከፍታል፤ እኔ አፈስሳለሁ። ማር ምላስ ደጅ ወጥቶ ስልክ ላይ ይጮኻል። አንዴ ወንድሜ አንሸራቶት ወደቀ፤ እየተሳደበ ተነስቶ ቀጠለ።

አለቃዬ በሩ ላይ ሲደርስ ከመጨረሻው የካርቶን ረድፍ በቀር ሁሉም አረንጓዴ ሆኗል። ክራቫቱን በእጁ ይዞ ቆመ።

«የቀረውን ተዪው» አለ በዝግታ። «ቢያንስ የቀረውን። ለበላይ የምናገረው ይኑረኝ።»

«ያየኸውን ንገራቸው በለው» አለ ወንድሜ፣ ካርቶን እየጎተተ።

«መግባት ከፈለጉ ጓንት መኪናዬ ውስጥ አለ» አልኩት አለቃዬን፤ ጀሪካኑን ይዤ ወደ ቀረው ረድፍ ሄድኩ።