ከዓመቱ የጎደሉት አራት ወራት

ወይዘሮ ይርጋነሽ ለምስክርነት ቢቸና ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ አጠገባቸው ሕፃን ታቅፋ ያለችውን ምራታቸውን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። አኮል የሱዳን ልጅ ናት። ልጃቸው ደምለው ለሰሊጥ አጨዳ ገዳሪፍ ወርዶ አገኛት፤ አግብቶ ሞጣ ካስገባት ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ነርስ ናት። ሥራ ተገኝቶላት "ዜግነትሽን ይዘሽ ነይ" ተባለች። ሕጉ ደግሞ የዜጋ ሚስት ከማመልከቷ በፊት ዓመት ሙሉ አገር ውስጥ መኖር አለባት ይላል። አኮል ከዚያ ዓመት አራት ወር ጎደለባት።

ያጎደሉባት እሳቸው ናቸው።

"የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለድ፤ የአገራችን ወግ ነው" ብለው ሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ገዳሪፍ ሰደዷት። ወጉስ እውነት ነው፣ ማንም ይመሰክራል። ግን ምን ያደርጋል! ሴቶቹ ደጀ ሰላም ላይ ጥቁረቷን እያዩ "ከየት አመጣችኋት?" ባሉ ቁጥር፣ ይርጋነሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ይወዱ ነበር። ሆዷ ሲገፋ ሰበብ አገኙ።

አሁን ከጎናቸው የቆመው ደምለው ማልዶ መክሯቸዋል። "አራቱን ወር ቢቸና አንቺ ቤት ነበረች በይ። በቃ።"

ጸሐፊው አቶ ይታያል ብዕሩን አነሳ። "እማማ፣ አራስነቷን የት ነበረች?"

"እኔው ቤት።"

ካፋቸው ሲወጣ ጣፈጣቸው። "ቅቤውን ከጉንደ ወይን አስመጥቼ፣ ገንፎውን እኔው አገንፍቼላት። ሕፃኑንም በእጄ ነው ያጠብሁት…"

"ምነው የኔም አማት እንዲህ በሆኑልኝ!" ሳቀ ይታያል።

በውሸቱ ውስጥ ደግ አማት ነበሩ። ያን ጊዜ የአኮል ጣቶች ሕፃኑን ጥብቅ ሲያደርጉ አዩ።

"ሰርዘው ልጄ። ዋሽቻለሁ። ገዳሪፍ ነው የወለደች፤ የላክኋትም እኔ ነኝ።"

ይታያል ወረቀቱን ቀደደው። "ውሸቱን እንዳልሰማሁ ልሁን። ዓመቱ ግን ከተመለሰችበት ቀን ነው የሚቆጠር። ከተመለሰች ገና አራት ወሯ ነው፤ ስምንት ወር ይቀራታል።"

ደጅ እንደወጡ ደምለው ጮኸ። "እማዬ፣ ምን ነካሽ? ሥራው ስምንት ወር ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል?"

"አፍሬባት ነው ልጄ። ሰው ዞሮ ሲያያት አፈርሁ። ወጉን ሰበብ አድርጌ ከሰው ዓይን አራቅኋት።"

ደምለው ሕፃኑን ከሚስቱ ተቀብሎ ወደ መናኸሪያው ሄደ፤ ዞሮም አላየ።

አኮል ቆማ ቀረች። "እኔ እኮ ያኔም ገብቶኛል፣ እማማ" አለች ቀስ ብላ። "እሱ እንዳያውቅብዎ ነበር ዝም ያልሁት። እናቱን እንዳይጠላ።"

ይርጋነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። የእሳቸው ልብ እንዲቀል የተናገሩት ልጃቸው ላይ ወደቀ። ይቅር በይኝ ለማለት ቃሉን ሲፈልጉ፣ አኮል "የሞጣው መኪና እንዳይሞላብን" ብላ ባሏን ተከተለች።