ስንጥቁን ያየችው ተማሪ

ፍሬወይኒ ትምህርቷን ልትተው ቆርጣ ነበር። በጦርነቱ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ የከረመባቸው ዓመታት ዕድሜዋን በሉባት፤ ወደ ሲቪል ምህንድስናዋ ስትመለስ እኩዮቿ ትዳር ይዘው፣ ልጅ ታቅፈው አገኘቻቸው።

«ከእንግዲህ ቀመር መሸምደድ ለምኔ?» አለቻት እናቷን።

እናቷ አልተከራከረቻትም። «እስቲ ክረምቱን ጉልበትሽን ሽጠሽ እይው» አለቻት ብቻ።

መቐለ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ የፎቅ መሠረት የሚቆፈርበት ቦታ ቀን ሠራተኛ ሆና ገባች። ከወይዘሮ ለተመድህን ጋር ባሬላ ተሸክመው አፈር ያወጡ ነበር። መዳፏ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደነደነ። ለተመድህን ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚሁ ሥራ ነው። «እኔ ስታመም፣ ጓለይ፣ ልጄ፣ ቤቴም አብሮኝ ይተኛል» ይሏት ነበር ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ እያደረጉ።

ዶፍ ሲጥል ባደረ ማግስት፣ ፍሬወይኒ ባሬላውን ልታስቀምጥ ስታጎነብስ፣ ጥቁሩ አፈር ለመሠረቱ የተቆፈረውን ቦይ ጠርዝ ተከትሎ ተሰንጥቆ አየች። ይህንን ስንጥቅ ታውቀዋለች፤ በአፈር ትምህርት ክፍለ ጊዜ እያዛጋች የገለበጠችው ሥዕል ነው። ከሥሩ ሰዎች እየቆፈሩ ነበር።

«ውጡ! ሊናድ ነው!»

ፎርማኑ ሓድጉ ተቆጣ። «አንቺ ባሬላሽን ያዢ! ሥራ አታስቁሚ!»

እሷ ግን መሬት የወደቀ የብረት ዘንግ አንስታ ስንጥቁ ውስጥ ከተተችው፤ ያለ ምንም ትግል ጠልቆ ገባ።

«ኣያ ሓድጉ፣ ይኸው ይዩት። ያወጣነውንም አፈር ጠርዙ ላይ ከምረን ጭነት ጨመርንበት፤ ውሃም ገብቶበታል፤ አይቆምም። ሰዎቹ ይውጡና ከዚያ ከፈለጉ ያባርሩኝ።»

ሓድጉ ዘንጉን አየ፤ እሷን አየ። «ውጡ!» ብሎ ጮኸ።

እያጉረመረሙ ወጡ። መጨረሻ ላይ የወጣው ቆፋሪ፣ ፍትዊ፣ ጭቃውን ከጫማው ሳያራግፍ ግድግዳው ጓ ብሎ ተናደ፤ አካፋና ዶማውን ዋጠው።

ፍትዊ አማተበ።

«ይሄን የት ተማርሽው?» አላት ሓድጉ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«እዚሁ፣ መቐለ ዩኒቨርሲቲ» አለች። ስሙን እንዲህ ደረቷን ነፍታ ከጠራችው ስንት ጊዜዋ!

ለተመድህን እየሳቁም እያለቀሱም አቀፏት። «ባሬላ የሚይዝ አይጠፋም፤ አንቺ ወደ ክፍልሽ!»

ቦዩ በእንጨት ተደግፎ ሥራው ሲቀጥል፣ ሓድጉ እሷ ዞራ ሳታየው ሰው አላስገባም።

በመስከረም ተመዘገበች። እናቷ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ላገኘችው ሁሉ «መሐንዲሷ ልጄ» እያለች ስታስተዋውቃት፣ ፍሬወይኒ ምረቃው ገና ሩቅ መሆኑን እያወቀች አላረመቻትም፤ ቀና ብላ ሰላምታ ሰጠች።