የጌታው በኩር

ዲየም ጥቁሩን ቆዳ ልትዳስስ እጇን ስትዘረጋ፣ "መጀመሪያ ጫማሽን አውልቂ፣ ልጄ" የሚል ድምፅ ከኋላዋ አስቆማት።

መረብ በትከሻቸው ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው።

"ለዓሣ ነባሪ ጫማ ይወልቃል እንዴ?" አለች፣ እያወለቀች።

"ዓሣ ነባሪ አትበያቸው። ጌታው ናቸው። ዐርፈዋል።" ሽማግሌው መረባቸውን ጣሉና አሸዋው ላይ ተንበርክከው አለቀሱ።

ዲየም በሳይጎን የልብስ ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ናት። ወደዚህች የባሕር ዳር ከተማ የመጣችው በአንድ ቀን ፈቃድ ነው፤ የአሸዋ ኮረብታዎቹንና የጥንት ዓሣ ነባሪዎች አጥንት የተቀመጠበትን መቅደስ ለማየት። የአውቶቡስ ቲኬት እንኳ ጀርባውን ሳታነብ የማትጥል፣ ሁሉን ማየት የምትወድ ሴት ናትና ጎህ ሲቀድ ብቻዋን ወጥታ ስትንከራተት ነበር ይህን ሞቶ ዳርቻው ላይ የተጣለ ዓሣ ነባሪ ያገኘችው።

ፀሐይ ከፍ ስትል ዳርቻው በሰው ሞላ። የመቅደሱ ጠባቂ አባባ ንያን ነጭ የሐዘን ሻሽ ይዘው መጡና፣ "ማን ነው ቀድሞ ያያቸው?" ብለው ጠየቁ።

ዲየም አጠገቧ ወደቆመችው ሽሪምፕ ሻጭ ዞር አለች። "ቀድሞ ያየ ምን ይሆናል?"

"የበኩር ልጃቸው ነዋ። ሦስት ዓመት ያዝናል፤ በየዓመቱ እየመጣ ቀናቸውን ይዘክራል።"

"ለዓሣ?"

"ባሌን ከማዕበል በጀርባቸው አውጥተውልኛል። አንቺ ለአዳኝሽ አታለቅሺም?"

አባባ ንያን ሻሹን ለሽማግሌው ዘረጉ። "ሙዎይ፣ ዕድሜ ልክህን ስትመኝ ኖረሃል። ና፣ ልሰርልህ።"

ጋሽ ሙዎይ ሊታሰርላቸው ጎንበስ ካሉ በኋላ መልሰው ቀና አሉ። "እኔ ስደርስ የዚች ልጅ ዱካ እዚህ ነበር።"

ሰው ሁሉ ወደ ዲየም ዞረ።

"እንግዳ ናት፤ ደግሞም ሴት" አሉ አባባ ንያን። "በኩር ወንድ ነው። ዱካውን እንደሆነ ውሃ ወስዶታል። ልጄ፣ አውቶቡስሽ ስንት ሰዓት ነው?"

"ስምንት ሰዓት።"

"እንግዲያው መንገድሽን አንያዝብሽ። አላየሁም በዪና በሰላም ሂጂ።"

ለመሄድ አንዲት ቃል ትበቃት ነበር። ግን ዲየም አባቷ ትዝ አሏት። ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ሲማቅቁ ያገላበጠቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው እሷ ናት። አምና ሲሞቱ ወንድ ልጅ የላቸውም ተብሎ፣ በዚያው ጠዋት ከሩቅ የደረሰ የአጎቷ ልጅ በቀብራቸው ላይ እንደ በኩር ፎቶአቸውን ይዞ ከፊት ሄደ፤ እሷን ከኋላ አሰለፏት። ማን ቀድሞ እንደነበረ የጠየቀ አልነበረም። እሷም ዝም አለች፤ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይፈልጉታል አይደል?" አለቻቸው ጋሽ ሙዎይን።

"እንዴት አልፈልግ? ግን በውሸት የተገኘ በኩርነት ምን ያደርግልኛል? ነገ ባሕር የምገባው እኔ ነኝ እንጂ አባባ ንያን አይደሉ።"

ሰዉ ሳቅ ሳቅ አለው። አባባ ንያንም ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም።

"እኔ ነኝ ቀድሜ ያየኋቸው" አለች ዲየም። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጎላ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ወደ ፋብሪካው ደወለች።

"ነገ አልገባም" አለችው አለቃዋን።

"ምን ሆነሽ?"

"አባቴ ዐርፈዋል።"

"አባትሽ አምና አይደል እንዴ የሞቱት?"

ዲየም በሞገዱ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘውን ትልቁን ጅራት አየች። "አዎ፤ አምና ነው። ግን ያኔ በደንብ አልቀበርኳቸውም።"

አለቃዋ ግራ እንደተጋባ ስልኩን ዘጋች። አባባ ንያን ጥቂት አመነቱና ሻሹን ለጋሽ ሙዎይ ሰጧቸው፤ ጋሽ ሙዎይም ግንባሯ ላይ አሰሩላት። ወንዶቹ ጌታውን ወደ መቀበሪያቸው የሚጎትቱበትን ገመድ በትከሻቸው አደረጉና ተሰለፉ።

"በኩር የቱ ጋ ነው የሚቆመው?" አለች።

"ከፊት" አሉ ጋሽ ሙዎይ።

ዲየም ጫማዋን እዚያው አሸዋው ላይ ትታ ወደ ፊት ሄደች።