ማሽኑ ያገኘው መድኃኒት

ሰፈሩ ልጇን «ዶክተር» ይለዋል። እናትየው መጀመሪያ ደስ ይላት ነበር። በኋላ ግን ጥርሱን ያመመው ሁሉ በራቸውን ሲያንኳኳ፣ «እሱ እኮ ሰው አያክምም፣ ወረቀት ነው የሚያነበው» እያሉ መመለስ የእሷ ሥራ ሆነ። «ወረቀት ለማንበብ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዓመት የተማረው?» ያላት ጎረቤትም ነበር። እሷም በሆዷ ይህንኑ ስትጠይቅ ኖራለች።

ሥራው እንዲህ ነው። በየአገሩ ያሉ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ስለ በሽታና ስለ መድኃኒት በየቀኑ ይጽፋሉ። ሁሉንም አንብቦ የሚጨርስ ሰው ግን አልተፈጠረም። ልጇ የሚሠራው እነዚህን ጽሑፎች የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሩ በሚሊዮን የሚቆጠር ጽሑፍ ውስጥ ገብቶ፣ የቱ መድኃኒት ከየትኛው በሽታ ጋር አብሮ እንደተነሣ ይለቅማል። ወዲህ ማዶ ያለው የጻፈውንና ወዲያ ማዶ ያለው የጻፈውን፣ ሰዎቹ ሳይተዋወቁ፣ እሱ ያገናኘዋል። እናትየው በዚህ ዕድሜዋ የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ፊደል እየለየች ነው፤ አንድ ገጽ ምን ያህል በላብ እንደሚያጠምቅ ታውቃለች። «ይህን ሁሉ ሲያነብ ዓይኑን አያመውም?» ብላ ጠይቃ ልጇን በሳቅ ልትገድለው ነበር።

በቤቱ ውስጥ ደግሞ ቃሪያ አለች። ትንሿ ልጇ ናት። ቃሪያ ያላት ወንድሟ ነው፣ ምላሷ ስለሚያቃጥል። በሽታው ሲጀምራት መጀመሪያ ደረጃ መውጣት አቃታት፤ ከዚያ እስክሪብቶ ከእጇ እያመለጠ ይወድቅ ጀመር። ጡንቻዋ ቀስ በቀስ እየከሳ፣ እየደከመ ይሄዳል አሉ። በሽታው ስም አለው፤ መድኃኒት ግን የለውም። ሐኪሙ ይህን ሲናገር ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማኅተም ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እያደረገ ያስተካክል ነበር። እናትየው እስከ ዛሬ ማኅተም ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጇ ከሥራ ሰዓት ውጭ ማሽኑን በእህቱ በሽታ ላይ አሰማራው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናትየው ጓሮ ልብስ ስታሰጣ መጣና እርጥቡን አንሶላ በአንድ ጫፍ ያዘላት።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ለማንም እንዳትናገሪ ግን።»

«ምን ሆንክብኝ?»

«ማሽኑ አንድ መድኃኒት አወጣ። አሮጌ ነው፣ ለሌላ በሽታ ሲሰጥ የኖረ፤ የትም ፋርማሲ ይገኛል። እንደ እሷ ያለውን ጡንቻ ከመድከም ይጠብቃል የሚል ከሠላሳ በላይ ጽሑፍ አግኝቶ፣ አንደኛ ላይ አስቀምጦታል።»

«ሠላሳ ሰው?»

«ሠላሳ ጽሑፍ።»

«ያው ነው! ሠላሳ ሰው ተሰብስቦ ይዋሻል እንዴ፣ ልጄ?»

«ቆይ እንጂ፣ ገና አላጣራሁም። በተለይ እሷ እንዳትሰማ።»

«አፌ ተቆልፏል» አለች፣ አንሶላውን ጥላ እየሳመችው።

ቁልፉ እሑድን አልተሻገረም። ጠዋት የቃሪያን ሹራብ ስትቆልፍላት፣ ልጅቷ ወደ ጣሪያው እያየች፣ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ቁልፍ የሌለው ልብስ ብቻ ግዢልኝ። ለሁለታችንም እረፍት ነው» አለች። እንደ ቀልድ ነው ያለችው። የእናትየው አንጀት ግን አልቻለም፤ ሁሉንም ዘረገፈችው። ቃሪያ «ሠላሳ?» አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

በማግስቱ ከቁም ሣጥኑ ላይ ደብተሮቿን አስወረደች። «ያቋረጥኩትን ክፍል ልጀምር ብል ይቀበሉኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ» ብላ እናቷን ትምህርት ቤት ላከቻት። በዚያው ሳምንት ፀጉሯን ተሠራች። ከስንት ጊዜ በኋላ! ጠዋት ጠዋት እያንጎራጎረች ስትነሣ እናትየው በር ሥር ቆማ ታዳምጣለች። ደስታው አላስቀምጥ ቢላት ለእህቷም ደወለች፤ «ላንቺ ብቻ ነው» ብላ።

ልጇ ግን በዚያ ሰሞን ምግብ መቆንጠር፣ ሲጠሩት መደንገጥ አመጣ። «አጣራህ?» ስትለው «እያየሁ ነው» ይላታል። አላስቻላትም። አንድ ጠዋት ነጠላ ጫማዋን በደህናው ጫማ ቀይራ ሥራ ቦታው ሄደች።

ላቦራቶሪ ሲሉ የምትሰማው ብልቃጥና ጓንት ያለበት መስሏት ነበር። ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል፣ ወለሉ ላይ ሽቦው በፕላስተር ተለጥፏል፣ አልዘጋ ያለ መጋረጃ በወንበር ተይዟል። ሁለት ወጣት ሴቶች ጽሑፍ እያነበቡ ቃላት ያቀልማሉ፤ በሽታውን በቢጫ፣ መድኃኒቱን በአረንጓዴ። ማሽኑ ከእነሱ አይቶ ነው የሚማረው።

«እናቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«ዶክተሩን።»

«እዚህ የዶክተር ችግር የለም» አለች አንደኛዋ እየሳቀች። «ራስ ምታት የሚያሽል ግን አንድም አያገኙም።»

ልጇ ሲያያት ተነሣ። የመጣችበትን አልጠየቃትም። ወንበሩን ለቀቀላትና እሱ አጠገቧ ተንበረከከ። ስክሪኑ ላይ ብዙ ነጥቦች አሉ፤ ከየነጥቡ መስመር ወጥቶ ወደ ሌላ ነጥብ ይሄዳል።

«እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ጽሑፍ ነው፣ እማዬ። መስመሩ ደግሞ ነገሩን ከየት እንዳገኘው ያሳያል። ተከተይው እስቲ።»

በጣቷ ተከተለችው። ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ ሦስተኛው። ከየትም ብትጀምር ጣቷ እዚያው አንድ ነጥብ ላይ ይደርሳል።

«ሠላሳዎቹ የራሳቸውን ሙከራ አልሠሩም» አለ። «አንዱ አንዱን አይቶ ነው የጻፈው። የሞከረው አንድ ቡድን ብቻ ነው።»

«አንድስ ቢሆን? አንድ ሰው እውነት አይናገርም?»

«እነሱም ጽሑፋቸውን አንሥተውታል። ሙከራው ተበላሽቶ ነበር፣ ውጤቱ ልክ አይደለም ብለው አሳውቀዋል፣ ድሮ። ሌላው ግን መጻፉን አላቆመም።»

«ይሄ ማሽን ታዲያ ምን ሲያነብ ነው የከረመው?»

«እሱ ምን ያውቃል። ደጋግሞ የተባለውን አስበልጠህ እመን ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከማን ሰማህ ብሎ እንዲጠይቅ አላደረግሁም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለሰው ስሠራ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። እነዚህን ተማሪዎቼን የምቆጣው በዚህ ነው። የእሷ ሲሆን ግን ዘለልኩት። ቸኮልኩ።»

እናትየው ጣቷን ከስክሪኑ ላይ አላነሣችም።

«አስተካክልና ደግመህ አስፈልገው።»

«አስፈልጌዋለሁ።»

«እና?»

አንድ ቁልፍ ተጫነ። ነጥቦቹ ጠፉና ነጭ ገጽ መጣ። ምንም አልነበረበትም።

«ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን ውስጥ?»

«በዚህ በሽታ ላይ የሠራ ሰው ጥቂት ነው፣ እማዬ። ያልተጻፈውን ከየት አምጥቶ ያንብብ?»

ቃላት የሚያቀልሙት ልጆች ሥራቸውን አቁመው አንገታቸውን ደፍተዋል። እናትየው እጇን ጭኗ ላይ ሰበሰበች።

«እኔ ነግሬያታለሁ» አለች።

«አውቃለሁ። ፀጉሯን አየሁት።»

አብረው ወጡ። አውቶቡስ ውስጥ ስልኳ ጮኸ፤ እህቷ ናት። «እኅትዓለም፣ እንኳን ደስ ያለሽ! መጀመሪያ ካንቺ ስሰማ ለማመን ፈርቼ ነበር፤ ዛሬ ግን የሱቋ ሴትዮ ነገረችኝ። የልብስ ሰፊው ሚስትም ሰምታለች። ሐሰት ቢሆን ይሄ ሁሉ ሰው ይለው ነበር?» እናትየው ለአፍታ፣ ለትንፋሽ ያህል፣ ደረቷ ሞቅ አለ። ይሄ ሁሉ ሰው! ከዚያ ቀና ስትል የልጇን ፊት አየች። ከቤት ውጭ የተናገረችው ለአንዲት እህቷ ብቻ እንደነበር ትዝ አላት። «ኋላ እደውልልሻለሁ» ብላ ዘጋችው።

መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር። ገና እያጣራ ነው፣ ትንሽ ብቻ እንጠብቅ፣ እንዲህ ያለ ነገር ጊዜ ይፈልጋል። ልጇን በክርኗ ጎሸም አድርጋ «አንተ ዝም በል፣ እኔ እናገራለሁ» አለችው።

ቃሪያ መስኮቱ ሥር ደብተር ዘርግታ ነበር።

«መጡ፣ ዶክተሩና ረዳቱ!» አለች። ፊታቸውን አየች። «ምነው? ማሽኑ ሞተ እንዴ?»

«ገና እያጣራ ነው» አለች እናትየው፣ ሻርፗን እየነካካች። «ትንሽ ብቻ...»

«ተዪ እማዬ። አንቺ ስትዋሺ ሻርፕሽ አያርፍም።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተ ንገረኝ።»

ነገራት። ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ምንም ሳያስቀር። ስትሰማ አላለቀሰችም።

«ሠላሳ የተማረ ሰው አንዱ ካንዱ ገልብጦ?» አለች ሲጨርስ። «እኛ ብናደርገው ከፈተና ያስወጡናል።»

ማንም አልሳቀም። እሷ ልትስቅ ጀመረችና መሀል ላይ ተወችው።

«እማዬ፣ ለዚያች ለትምህርት ቤቷ ሴትዮ ንገሪያት። ቦታ ይዛልኝ ከሆነ ለሌላ ልጅ ትስጠው።»

«ቆይ እንጂ ልጄ፣ ትምህርቱ ምን አደረገ? ትምህርቱን እንኳ...»

«በምን እጄ ልጻፍ?»

ወንድሟ ጥግ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ከፈተ። እናትየው አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

«ደግሞ ምን ልታደርግ ነው?»

«ሰሞኑን የወጡ ጽሑፎች አሉ። እነሱን ላስገባለት።»

«ያገኛል?»

«አይመስለኝም።»

«ታዲያ ለምን ትደክማለህ?»

«ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፣ እማዬ» አለ፣ ቀና ሳይል።

እናትየው ማድ ቤት ገብታ ሾርባውን አሙቃ አመጣች። በዚህ ቤት በምግብ ሰዓት ጠብ አይጠፋም። ቃሪያ ማንኪያዋን ለማንም ሰጥታ አታውቅም፤ ግማሹ ልብሷ ላይ ቢፈስስ፣ ምግቡ ቢበርድ፣ እናቷ ልታግዛት እጇን ከዘረጋች እንደ ድመት ትቧጭራለች። እናትየው ሳህኑን አስቀመጠችላትና እንደ ልማዷ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

ቃሪያ ማንኪያውን አየችው። በጣቷ ጫፍ ገፋ፣ ገፋ አድርጋ ወደ እናቷ አስጠጋችው። ከዚያ አፏን ከፈተች።

እናትየው ወንበሯን ሳበች። ቀድታ እፍ አለችበት፣ አጎረሰቻት። ደግማ ቀዳች። ከጥግ በኩል የላፕቶፑ ቁልፎች ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ሾርባው ከቀዘቀዘ በኋላም እፍ ማለቷን አልተወችም።