ወይኑ በሚፈላበት ወር

ደጊቱ ተኩሱን የሰማችው ሰገነቱ ላይ የወይን ዘለላ እያገላበጠች ሳለ ነው። አንድ፣ ከዚያ ሁለት ተከታትሎ። ድምፁ የመጣው ከአስፋልቱ በኩል ነው፤ ከአስፋልቱ ማዶ ደግሞ የልጇ የጂቱ ትምህርት ቤት አለ።

"ጎማ ነው የፈነዳው" አሉ ከታች የወይን ጠጅ መጥመቂያው ባለቤት ኦቦ ገርባ።

"ጎማ ሦስት ጊዜ ይፈነዳል እንዴ፣ ኦቦ?"

"አንቺኮ ሠርግ ብትጠሪም ድንኳኑ ይወድቅብኛል ብለሽ ነው የምትገቢው።"

ሳቃቸው ግን አልቆየም። ጊዜው ታኅሣሥ 2008 ነው። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ከተሞች በሚያሰፋው ማስተር ፕላን ምክንያት ተማሪው ወጥቷል፣ ገበሬውም መሬቴ ሊሄድብኝ ነው ብሎ ተነሥቷል። ከቡራዩና ከሱሉልታ በየቀኑ ክፉ ወሬ ይመጣል። አሁን ተራው የሰበታ ሆነ።

ለኦቦ ገርባ አባት ወይን መጥመቅ ያስተማራቸው ከቬሮና አካባቢ የመጣ ጣሊያን ነበር። የዚያ አገር ሰው ወይኑን እንደለቀመ አይጨምቀውም፤ በሸንበቆ ርብራብ ላይ ዘርግቶ እስኪጨማደድ ድረስ ለሳምንታት ያቆየዋል። እንዲህ የደረቀ ወይን ስኳሩ ብዙ ስለሆነ መፍላት ከጀመረ ቶሎ አያባራም። በሰበታ ብርድ ደግሞ ምድር ቤቱ ውስጥ ከወር በላይ ይንተከተካል። በዚያ ወር ማንም ያለ ሻማ አይወርድም። ከሚፈላው ወይን የሚወጣው ጋዝ አይታይም፤ ወለሉ ላይ ይተኛል። ሻማው ከጠፋ መሸሽ ነው። የዘንድሮው የመጀመሪያ ዙር መፍላት ከጀመረ ሁለት ሳምንቱ ነው።

ደጊቱ ከሰገነቱ ወርዳ ወደ ግቢው በር ሮጠች። ዘበኛው አብዶ በሩን በጀርባው ደግፎ ቆሟል።

"ክፈትልኝ! ልጄን!"

"የት ልትሄጂ? አስፋልቱን ወታደር ዘግቶታል። ደግሞ ጂቱ ገብታለች እኮ።"

"መቼ?"

"አሁን፣ አስፋልቱ ሳይዘጋ ተሻግራ፣ በጓሮ አጥር ዘላ። ቀሚሷን እሾህ ቀደደው እንጂ እሷስ ደህና ናት።"

ደጊቱ እፎይ ልትል ስትል ምድር ቤቱ ትዝ አላት። ካቻምና የመጀመሪያው ረብሻ ሲነሣ ጂቱን እጇን ይዛ ምድር ቤቱን አሳይታት ነበር። ያን ጊዜ በርሜሎቹ ባዶ ነበሩ። "ተኩስ ከሰማሽ እዚህ ግቢ። ጥይት ከመሬት በታች አይመጣም። እኔ ካልጠራሁሽ እንዳትወጪ" ብላ ቃል በቃል አስደግማታለች። ከዚያም ወዲህ ረብሻ በተወራ ቁጥር አስደግማታለች። ወይኑ ስለሚፈላበት ወር ግን አንድም ቀን አልነገረቻትም።

"ኦቦ! ምድር ቤት ናት!"

ሽማግሌው ማን እንደሆነች አልጠየቁም። የምድር ቤቱን በር በርግደው ሻማ ለኮሱና በሽቦ አንጠልጥለው ወደ ታች ሰደዱ። ስድስተኛው ደረጃ ላይ ጠፋ።

"ቆዪ፣ የታችኛውን መስኮት ልክፈተው። አየር ይግባ።"

"አልቆይም።"

"እንግዲያው በአንድ ትንፋሽ! ካልደረስሽባት ተመለሺ። እዚያ ውስጥ እንዳትተነፍሺ!" ወገቧ ላይ ገመድ አሰሩላት፤ ጫፉን አብዶ ያዘ።

ደጊቱ አየር ስባ ወረደች። ደረጃውን በእግሯ እየቆጠረች፣ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች። ስምንተኛው ላይ ጉልበቷ ከለስላሳ ነገር ጋር ተጋጨ። ጂቱ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ራሷን ጭኗ ላይ ደፍታ ተቀምጣለች። ብብቷን ይዛ ጎተተቻት። ደረቷ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ገመዱ ወደ ላይ ሳባት፤ አንደኛው ጫማዋ እዚያው ቀረ።

ጂቱ አቧራው ላይ ተዘረረች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ኦቦ ገርባ ጉንጯን በጥፊ መቷት።

"ጂቱ! ጂቱ ኮ፣ የኔ ጂቱ! ተንፍሺ!" አሉ።

ምንም የለም። ደጊቱ ስንት ዓመት ስትፈራው የኖረችው ነገር መጥቶ ፊቷ ተኝቷል። በሁለተኛው ጥፊ ልጅቷን ሳል ያዛት፣ ከዚያ አስመለሳት፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

"አፍንጫዬን ወጋኝ" አለች ሲቃ እየያዛት። "ከዚያ ራሴን ሲያዞረኝ ቁጭ አልኩ። ልወጣ ነበር፣ እማ። ግን አልጠራሽኝም።"

ኦቦ ገርባ ፊታቸውን አዞሩ። አብዶ ገመዱን ይጠቀልላል።

አስፋልቱ ላይ እንደገና ተተኮሰ፤ አሁን ቀረብ ብሏል። ጂቱ በእጇ መሬቱን ተመርኩዛ ለመነሣት ሞከረች።

"እና አሁን የት ልግባ?"

ደጊቱ ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችው። ሰገነቱ ሳንቃ ነው፣ ጥይት ይበሳዋል። ዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ቤታቸው አስፋልቱ ዳር ነው።

"እዚሁ ሁኚ" አለቻት፤ በልጇና በግቢው በር መሃል ገብታም ተቀመጠች።