በቅሎ ያስያዘችው ዘሃራ

የዘሃራ ሀብት አንዲት በቅሎ ነበረች። ባቡር አዳማ ያራገፈውን ጨው እየጫነች ደራ ገበያ ታደርሳለች፤ ልጆቿ የሚበሉትም ከዚያው ነው። ሟቹ ባሏ ከጣቢያው ጀርባ ቦታ ትቶላት ነበር፤ እሱን ግን ነጋዴው አቶ ዘገዬ ዓይኑን በጨው አጥቦ አጥሮ ያዘው። ባቡር በቆመ ቁጥር ሰው የሚጎርፍበት ቦታ ነው፤ እሱን የያዘ ዕድሜ ልኩን በቅሎ አይነዳም።

ዘሃራ ከሰሰች። ምስክሯ የድንበሩ ድንጋይ ሲተከል የነበሩት ኦቦ ገርባ ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ የዘገዬ ጭሰኛ ናቸው።

«እውነቱን ቢናገሩልሽ ከመቶ አንድ ነው» አላት የባሏ ወንድም አብደላ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብሽ እኮ!»

«የእኔ ላም ሰማይ ላይ አይደለችም። ከጣቢያው ጀርባ ታስራለች።»

ዳኛው ግራር ሥር ተቀመጡ። ተሟጋች በነገሩ እርግጠኛ ነኝ ሲል ይወራረዳል፤ የተረታው ውርርዱን ለዳኛ ይከፍላል። ለእንዲህ ያለ ነገር ማር ማስያዝ ይበቃ ነበር። ዘገዬ ግን ያላትን ያውቃልና ሊያስደነግጣት ፈለገ።

«በበቅሎ!» ብሎ ጮኸ።

ሸንጎው ሳቀ። ዘሃራ ፈራች፤ የልጆቿ ፊት ድቅን አለባት። ካፈገፈገች ግን ያችን ከመቶ አንዷን ዕድል ራሷ ለዘገዬ መመረቋ ነው። ይሄ ከፍርሃቱ ይልቅ አንገበገባት።

«በበቅሎ! የእኔም ይያዝልኝ!»

ሳቁ ቀጥ አለ።

ዳኛው ኦቦ ገርባን ድንበሩ የት እንደሆነ ጠየቁ። ዘገዬ አፈጠጠባቸው። «የለም፣ አላየሁም» ማለት ብቻ ይበቃቸው ነበር። ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። ሦስት ጊዜ ተጠየቁ፤ ሦስቴም ዝም አሉ።

«ምስክሩ አላስረዳም» ተባለ። በቅሎዋ ከነኮርቻዋ ተወሰደች።

«እንግዲህ ምን ቀረሽ?» አላት ዘገዬ።

«ያልዋሸ ምስክር!»

እንባዋ እየወረደ፣ ድምፅዋ ግን ሳይሰበር ይግባኝ አለች። ከዚያም በቅሎዋ ልትሸከመው የነበረውን ጨው መሸከም የምትችለውን ያህል በጀርባዋ አዝላ ወደ ደራ መንገድ ጀመረች። አንገታቸውን ደፍተው ከቆሙት ሽማግሌ ዘንድ ስትደርስ ቆም አለች።

«ኦቦ ገርባ» አለቻቸው፣ «በይግባኙም የምጠራው እርስዎን ነው።»