ቁጥር 12 ይቀመጥ

ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈናል፤ ሦስቱንም ያሸነፈን የገዛ ኳርተርባካችን፣ ኳሷን የሚወረውርልን ልጅ ነው። ይህን ስናገር ማንም እንዲያባብለኝ አልፈልግም። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚህ ውስጥ ሃምሳውን ዓመት ሄብል ኮሌጅ በሜዳው የተጫወተውን ፉትቦል፣ ኳስ በእጅ የሚወረወርበትን የአሜሪካኑን፣ አንድም ሳያመልጠኝ አይቻለሁ። የበኩር ልጄ የተወለደው ቅዳሜ ዕለት ነበር፤ እሱንም ያየሁት ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። ሚስቴ ነፍሷን ይማርና እስክትሞት ድረስ ይቅር አላለችኝም። እንግዲህ ስለ ኳስ የምናገረው ከሜዳ ላይ ነው እንጂ ከወሬ አይደለም።

ኮርቢን ሬዝኒክ ይባላል፤ ማሊያው ቁጥር አሥራ ሁለት። አምና እጁ ወርቅ ነበር፤ ኳሷን የትም ቢሆን ያደርሳታል። ዘንድሮ ግን ምን እንደነካው አላውቅም። ኳሷ እጁ ስትገባ ይርበደበዳል፣ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይለቃታል። በሦስት ጨዋታ ሰባት ጊዜ ኳሷን አንስቶ ለተቃራኒ ቡድን ሸልሟል። ሰባት ጊዜ! እኔ በዚህ ጉልበቴ ሰባት ጊዜ አልሳሳትም።

አሰልጣኙ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ቤንች ላይ አስቀምጠው ሲባል ፈገግ ይላል። ስለዚህ እኔ ኦርቪል ቴሽ ሁለት መቶ የካርቶን ሰሌዳ አሳተምኩ፤ በቡድናችን አረንጓዴ ቀለም፣ በትልልቁ፣ «ቁጥር 12 ይቀመጥ» የሚል። ሰው ሲያነሳው ከፊቱ ያለውም ከኋላው ያለውም እንዲያነበው በሁለቱም ገጽ አስጻፍኩት። ከዚያ በፒክአፕ መኪናዬ ጭኜ ነዳጅ ማደያው ጋ፣ እህል ማስረከቢያው ጋ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳይቀር በእጄ አደልኩ። የበቆሎ አጨዳ ወቅት ነው፤ ሰው ሁሉ ሥራ በዝቶበት እንኳ ቆሞ ተቀበለኝ።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ የደጋፊዎች ምሳ አለን። የቀድሞ ወታደሮች አዳራሽ ውስጥ ሃምሳ ስልሳ ሰው ተሰብስቦ ቺሊ የሚባለውን የሥጋና የባቄላ ወጥ ከቀረፋ ዳቦው ጋር ይበላል፤ አሰልጣኙ የቅዳሜውን ጨዋታ ቪዲዮ ያሳያል፤ አንድ ተጫዋችም በእንግድነት ይመጣል። ምግቡን የምታበስለው አርሊን ኮቫንዳ ናት። የዚያን ሰኞ ገና ኮፍያዬን ሳላወልቅ ያዘችኝ።

«ኦርቪል፣ ያንን ካርቶንህን አየሁት» አለችኝ። «ልጁ እኮ ሃያ ዓመቱ ነው። እናቱ በዚሁ መንገድ ነው ሥራ የምትሄደው።»

«እናቱ ኳስ አልወረወረችም። ስለ እሷ ምን አልኩ?»

«አንተ ሃያ ዓመትህ ላይ ምን ነበርክ? ትራክተር ኩሬ ውስጥ የከተትከው ማን ነው?»

«ትራክተሩ የራሴ ነበር» አልኳትና ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ።

እዚያ ደግሞ መርል ዳውድ ይጠብቀኛል። ከመርል ጋር ከልጅነታችን ጀምሮ ጎን ለጎን ነው ያረስነው፤ በአንድ ነገር ተስማምተን አናውቅም። «እሺ ኮርቢን ይቀመጥ» አለኝ፣ አፉን በዳቦ ሞልቶ። «ማን ይግባ? ያ የአንደኛ ዓመቱ ቀጫጫ? እሱን ነፋስ ከያዘው እኮ ካንሳስ ሄደን ነው የምንፈልገው።»

«ቢያንስ ኳሷን ለኛ ሰዎች ይወረውራል።»

«ምናልባት ልጁ ለመወርወር ጊዜ አጥቶ ይሆናል። ተቃራኒዎቹ እየደረሱበት ይሆናል።»

ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። «ማን ነው የሚደርስበት? ግራውን የሚጠብቅለት ማን ሆነና?»

ግራውን የሚጠብቅለት ዳልተን ነው፤ ቁጥር ሰባ አራት፤ የልጄ ልጅ። ኳርተርባክ በቀኝ እጁ ሲወረውር ግራ ጎኑ ለሱ አይታየውም፤ እዚያ የሚቆመውን ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ማመን አለበት። ዳልተን አንድ መቶ ሠላሳ ኪሎ ነው። በየጨዋታው ዓይኔን ከሱ ላይ ሳልነቅል ነው የምውለው። ይህን ለመርልም ነግሬዋለሁ፣ ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ፤ እንደ ዳልተን ያለ ሰው ከፊቱ ቆሞለት የሚሸበር ኳርተርባክ ሌላ ሥራ ይፈልግ ብያለሁ።

የዚያን ቀን እንግዳው ራሱ ኮርቢን ነበር። ከአሰልጣኝ ሃሊጋን አጠገብ ጎበጥ ብሎ ተቀምጧል፤ አንድ ክንዱን ጎኑ ላይ አጣብቋል፤ ምግቡን አልነካም። አኩርፏል ብዬ ይበልጥ ተናደድኩ። አጥፍቶ ማኩረፍ።

ምሳችን አንድ ደንብ አለው። ቅሬታ ያለው ሰው ከመቀመጫው ሆኖ አይጮህም፤ ተነስቶ ፊት ለፊት ይወጣል፣ ሪሞቱን ይይዛል፣ ቅሬታውን በቪዲዮ ያሳያል። ካላሳየ ይቀመጣል። ይህን ደንብ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሊቀመንበር ሳለሁ፣ ያላዩትን የሚያወሩ ሰዎች ሲያንገሸግሹኝ።

ተነሳሁ። «ሪሞቱን ስጠኝ» አልኩት አሰልጣኙን። «የቅዳሜውን ሦስት ኳሶች ነው የምፈልገው። ያስረከባቸውን።»

«ሚስተር ቴሽ፣ እነሱን ብንተዋቸው ይሻላል» አለኝ።

«ማንን ነው የምትሸሽገው?»

«ማንንም። ሰኞ ሰኞ ደህና ደህናውን ነው የምናሳየው፤ እርስዎም ያውቁታል።»

«ደህና ነገር ሲኖር ነዋ። ደንብ ደንብ ነው፤ አውጪውም እኔ ነኝ። ደግሞ ከጎን የተቀረጸውን አይደለም። ከግቡ ኋላ ምሰሶ ላይ ባለው ካሜራ የተቀረጸውን፣ ሁሉንም ሰው የሚያሳየውን፣ እናንተ ቢሮ ቆልፋችሁ የምታዩትን ክፈትልኝ።»

አሰልጣኙ ወደ ኮርቢን ዞር አለ። ልጁ ቀና ሳይል፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ማየት አያስፈልግም» አለ።

«የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን አንተ አትነግረኝም» አልኩት። ለልጅ እንዲህ አይባልም፤ አውቃለሁ። እኔ ግን አልኩት፤ ሃምሳ ሰው እየሰማ።

ሪሞቱን ተቀበልኩ። የመጀመሪያውን ከፈትኩ። ኮርቢን ኳሷን ያዘ፣ አፈገፈገ፣ ወረወረ፣ ኳሷ ተንሻፍፋ ሄዳ የሰው እጅ ገባች። «አያችሁ?» አልኩ። መለስኩት። እንደገና ለቀቅኩት። «እጁን እዩት። ምንም ሳይነኩት ተርበደበደ።» ለሦስተኛ ጊዜ መለስኩት። ከተመልካቹ ማንም አልሳቀም፤ ማንም «እውነትህን ነው» አላለም። ደንግጠው መሰለኝ።

አርሊን የቺሊ ጭልፋዋን እንደያዘች ከበሩ ሥር ቀስ ብላ ተናገረች። «ኦርቪል፣ ኳሷን ተዋትና ግራውን እይ።»

መለስኩት። ግራውን አየሁ።

ዳልተን ቆሟል። ከፊቱ ያለው የተቃራኒው ልጅ አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ወጣ፤ ዳልተን ሊከተለው ሲል ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አለው፤ ልጁ በክፍት በር እንደሚገባ ሰው አልፎት ገባ። ዳልተን እጁን ሰነዘረ፤ የያዘው አየር ነው። ልጁ ኮርቢንን ከነሙሉ ኃይሉ የጎን አጥንቱ ላይ ገጨው። ኳሷ የተንሻፈፈችው ያኔ ነው። ከጎን ሲታይ ሁሉም የሚተራመስበት ቦታ ነውና ይህ አይለይም። ከኋላ ግን ፍንትው ብሎ ይታያል።

ሁለተኛውን ከፈትኩ። ያው ነው። ሦስተኛውን ከፈትኩ። ያው ነው። የገዛ ጣቴ ነው የሚጫነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ልክ እንደማንም ሰው ኳሷን ብቻ ሳይ ኖሬያለሁ፤ ዓይኔን ከዳልተን አልነቅልም ያልኩት ውሸት ነው፤ ውሸት መሆኑን ራሴም አላውቅም ነበር።

መርል ሊያድነኝ ሞከረ። «ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታበት ይሆናል» አለ። ቅዳሜ ዕለት ዝናብ ነበር።

ከዚያ ኮርቢን ጎኑን ይዞ ተነሳ። «ሚስተር ቴሽ፣ ኳሷን ቶሎ መልቀቅ ነበረብኝ» አለኝ። «ዳልተን ምንም ጥፋት የለበትም።»

ይህን ሲል ነው የባሰብኝ። ስሰድበው ጥፋቱን ወሰደ፤ አሁን ደግሞ ሊሸፍንልኝ ቆመ። «ትዋሻለህ» አልኩት። ወደ ሰዉ ዞርኩ። «ቁጥር ሰባ አራት ነው። ሦስቱም የሰባ አራት ናቸው።» ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ኮፍያዬን ሳላነሳ ወጣሁ።

እስክበርድ በእግሬ ዞር ዞር ብዬ ወደ አዳራሹ መኪና ማቆሚያ ስመለስ ወሬው ከኔ ቀድሞ ደርሷል። ዳልተን ፒክአፑ ላይ ተደግፎ ይጠብቀኛል።

«ሰማሁ አያቴ» አለኝ። «አሰልጣኙ ደውሎልኛል። ቅዳሜ ቤንች ነኝ።»

«ምንህን ነው ያመመህ?»

«ጉልበቴን። ከነሐሴ ጀምሮ።»

«ከነሐሴ! ማን ያውቃል?»

«ኮርቢን ብቻ። ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት። አሰልጣኙ ሊቀይረኝ ሲል እንኳ ‹ከዳልተን ውጪ ማንንም አላምንም› ብሎ ያስተወው እሱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰነጠቀ፤ እሱንም አልተናገረም።»

«ጅል ናችሁ፤ ሁለታችሁም። ለኔ ለምን አልነገርከኝም? ማንን ፈርተህ ነው?»

ዳልተን ዞር ብሎ የመኪናውን ኋላ አየ። ሳላድላቸው የቀሩት ካርቶኖች እዚያ ተቆልለው ነበር።

«በሰው ልጅ ላይ ሁለት መቶ አሳትመሃል» አለኝ። «በኔ ላይ ስንት ታሳትም ነበር?»

መልሴን ሳይጠብቅ እያነከሰ ሄደ። ሲያነክስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሁለት ወር ሙሉ ግን እሁድ እሁድ ከፊቴ ተቀምጦ ምሳ በልቷል።

ቅዳሜ ደረሰ። ኮርቢን ጎኑ ታስሮ ገባ። ዳልተን ጉልበቱ ላይ በረዶ አድርጎ ቤንች ላይ ተቀምጧል። የቡድናችን ስም ሲጠራ ካርቶኖቹ ብድግ ብድግ አሉ። በየረድፉ፣ በየደረጃው፣ ቁጥር 12 ይቀመጥ፣ ቁጥር 12 ይቀመጥ። ዘጠነኛው ረድፍ ላይ የኮርቢን እናት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሳምንቱን ሙሉ መሳሳቴን ለመርል ነግሬዋለሁ፣ ማደያው ላይ ነግሬያለሁ፣ ሰው ግን የሰማው የመጀመሪያውን ወሬዬን ነው።

ከመቀመጫዬ ተነሳሁና ረድፍ በረድፍ መሰብሰብ ጀመርኩ። «አምጣው» እላለሁ። አንዳንዱ ይሰጠኛል። አንዳንዱ ያፈጥብኛል።

አንድ ወፍራም ሰውዬ ካርቶኑን ደረቱ ላይ ጨብጦ፣ «አልሰጥም። አንተው ራስህ አይደለህ የሰጠኸኝ?» አለኝ።

«ተሳስቼ ነው።»

«አሃ፣ የልጅ ልጅህ ስለተቀመጠ አሁን ኳርተርባኩ ጎበዝ ሆነ?»

ልመታው ምንም አልቀረኝም። እጄን የያዘኝ አንድ ነገር ነው፤ የሰውዬው ድምፅ፣ አነጋገሩ፣ እርግጠኝነቱ፣ ሁሉም የኔው ነበር።

ያን ጊዜ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ብድግ ብሎ ጮኸ። ኮርቢን ወርውሮ አግብቷል መሰለኝ። ኳሷ የት እንደደረሰች አላየሁም። ወፍራሙ ሰውዬ ካርቶኑን እግሩ ሥር ጥሎ፣ «እኔ ልጁ እንደሚችል ዱሮም ተናግሬ ነበር» እያለ ያጨበጭባል። ጎንበስ ብዬ ከጫማው ሥር አወጣሁት። አሁን ክንዴ ላይ መቶ የሚሆን አለ፤ እስከ አገጬ ደርሷል።

ቀና ስል ከታች ዳልተን ከቤንቹ ዞሮ ወደኛ ወደ ደጋፊዎቹ ያያል። የሁልጊዜ መቀመጫዬን ፈለገ፤ ባዶ ነው። ከዚያ መተላለፊያው ላይ ቆሜ አገኘኝ፤ ክንዴ ሙሉ ካርቶን ይዤ፣ በሰው መሀል። ፊቱ ሲጠቁር ከዚያ ርቀት ይታየኛል።

«እየሰበሰብኩ ነው» ብዬ ጮህኩ። በዚያ ጫጫታ ማን ይሰማኛል። ጽሑፉ እንዳይታየው ብዬ ከላይ ያለውን ገለበጥኩት። ቀጥሎ ያለውንም ገለበጥኩት። በሁለቱም ገጽ አስጽፌው ነበር።

ዳልተን ፊቱን ወደ ሜዳው መለሰ።